ከድርቆሽ ቆጥ እስከ ኖክስቪል፦ በፓት ሰሚት አገር

ማክሰኞ፣ ናሽቪል

አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ ናሽቪል የገባሁት መሽቶ ነው። እህቴ ቤት ሽሮው እየተንተከተከ፣ ቡናው ተቆልቶ ጠበቀኝ። ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣ ሰው እዚህ ብዙም ባዳነት አይሰማውም። ሐበሻው በዝቷል፤ እንጀራ ፍለጋ መንከራተት የለም።

የእህቴ ልጅ፣ ሚጣ እንበላት፣ 14 ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቷ ቡድን ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ ምላሷም ፈጣን ነው። ጥቅምት ላይ እዚህ ትምህርት ቤት ለጥቂት ቀናት ይዘጋል። እህቴ ደግሞ ሥራ አላት። "ስልኳ ላይ ተደፍታ ከምትውል ይዘሻት ሂጂ" አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። መንገድ ብቻዬን መንዳት አልወድም።

የምሄደው ወደ ፓት ሰሚት አገር ነው። ሚጣን "ታውቂያታለሽ?" ብዬ ጠየቅኳት። "የድሮ አሰልጣኝ ናት አይደል?" አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። የዛሬዋን የቅርጫት ኳስ ኮከብ ኬትሊን ክላርክን ብትጠይቋት ከየት ቆማ ስንት እንዳስገባች ታወራችኋለች። ካንዴስ ፓርከርንም ታውቃለች። ካንዴስ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ማለቴ ማን እንዳሠለጠናት ግን አታውቅም።

ቁጥሩን ነገርኳት። ፓት የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን 38 የውድድር ዘመን አሠልጥናለች። 1,098 ጊዜ አሸንፋ 208 ጊዜ ተሸንፋለች። የአሜሪካን የኮሌጆች ዋንጫ 8 ጊዜ ወስዳለች። ከሽንፈቷ ድሏ ያነሰበት አንድም ዓመት የለም። ሚጣ ስልኳን አየት አደረገችና "የኮኔቲከቱ አሰልጣኝ ጂኖ ግን 12 ዋንጫ አለው" አለች። ልጅቱ እውነቷን ነው። የድሎቹን ብዛትም የስታንፎርዷ ታራ ቫንደርቪር በ2020 አልፋዋለች። ከዚያ ጂኖም አለፈው። በቁጥር ከሄድን ፓት ተበልጣለች። ነገ ግን ቁጥር የማይቆጠርበት ቦታ ነው የምወስዳት።

ረቡዕ፣ ክላርክስቪል፣ ሄንሪዬታ፣ አሽላንድ ሲቲ

ክላርክስቪል ከናሽቪል ሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ፓት የተወለደችው እዚህ በሰኔ 1952 ነው። (እዚህ ማስታወሻ ላይ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ያኔ ስሟ ፓትሪሺያ ሄድ ነበር። ቤት ውስጥ ትሪሽ ይሏታል። ሰሚት በኋላ የመጣ የባሏ ስም ነው።

ከከምበርላንድ ወንዝ ዳር ሊበርቲ ፓርክ የሚባል ሰፊ መናፈሻ አለ። የፓት ሐውልት እዚያ ቆሟል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እዚያው ግቢ ያለው የሌላ ሴት ሐውልት ነው። ዊልማ ሩዶልፍ! የዚች ከተማ ልጅ መሆኗን ረስቼው ነበር። ከ22 ልጆች 20ኛዋ፣ በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት እግሯን በብረት ድጋፍ የምትጎትት፣ ከዚያ በ1960 በሮም ኦሎምፒክ 3 ወርቅ ያጠለቀች። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን ያሸነፈው እዚያው ሮም፣ እሷ የመጨረሻውን ወርቋን ከወሰደች ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ሚጣ አበበን ታውቃለች፤ አባቷ ፎቶውን ሳሎን ሰቅሎታል። "ይተዋወቁ ነበር?" አለችኝ። እንጃ፣ አልኩ። ዊልማም ብትሆን መጀመሪያ የታየችው ቅርጫት ኳስ ስትጫወት ነው። የትራክ አሰልጣኙ ኤድ ቴምፕል ጨዋታ ሲዳኙ አይተው ነው ወደ ሩጫ የወሰዷት። ሁለት እንዲህ ያሉ ሴቶች ከአንድ መካከለኛ ከተማ! አንዷ ጥቁር፣ አንዷ ነጭ፣ በ12 ዓመት ልዩነት። ፎቶ አነሳሁ፤ ሚጣ "አክስቴ ጣትሽ ገብቷል" አለችኝ።

ከክላርክስቪል ወደ ደቡብ ስትነዱ ከተማው ቶሎ ይጠፋል። ጠባብ አስፋልት፣ ኮረብታ፣ ላም፣ የታጨደ ማሳ። ድንገት ሚጣ ጮኸች። ከመንገዱ ዳር አንድ ትልቅ የጣውላ ቤት ከጣሪያው ሥር ጭስ ይትጎለጎላል። ስልኳን አውጥታ 911 ልትደውል ነበር። እኔ ደግ ሆኖ አንብቤ ስለነበር አስቆምኳት። ትምባሆ ነው። ቅጠሉን ከወለል እስከ ጣሪያ በየደረጃው ይሰቅሉታል። ወለሉ ላይ እንጨትና ሰጋቱራ ያቀጣጥሉና ነበልባል እንዳይኖረው አድርገው ያፍኑታል። በቃ፣ ጋን በወይራ እንደሚታጠነው ሳምንታት ይታጠናል። መስኮቱን ከፍተን ቆምን። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ሽታው ግን ደስ ይላል። ሚጣ ጃኬቷ እስከ ማታ ሸተተ።

ፓት ያደገችው ይህን ቅጠል ስትቆርጥ፣ ድርቆሽ ስታስር፣ ላም ስታልብ ነው። ከሦስት ወንድሞች በኋላ ተወልዳ፣ ከሥሯ አንዲት እህት አለቻት። ሴት ናት ተብሎ የቀነሰላት ሥራ የለም። ማታ ሥራ ሲያልቅ ልጆቹ ድርቆሽ የሚከመርበት ቆጥ ላይ ይወጣሉ። እዚያ ቅርጫት ተሰቅሏል። ሁለት ለሁለት ይጫወታሉ። ወንድሞቿ አይራሩላትም። አሰልጣኝ ከሆነች በኋላ ሴቶቹን ከወንድ ተማሪዎች ጋር የምታለማምድ ሆናለች፤ እኔ ነገሩ ከዚያ ቆጥ የወረደ ይመስለኛል።

አባቷ ሪቻርድ ሄድ ረጅምና ዝምተኛ ገበሬ ነበሩ። ልጅ አያቀማጥሉም፤ ቀበቶም ያነሱ ነበር። እኚህ ሰውዬ ያደረጉት አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ በክላርክስቪል የምትሄድበት ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን የለውም። አጎራባቹ ቺተም አውራጃ ግን አለው። ምን አደረጉ? ቤተሰቡን ነቅለው ድንበሩን ተሻገሩና ሄንሪዬታ ሰፈሩ። በ1960ዎቹ፣ ለአንዲት ሴት ልጅ ኳስ ብሎ ቤት መቀየር! ልጃቸውን ግን አቅፈው አያውቁም። መጀመሪያ ያቀፏት በ1996 ዋንጫ ስትወስድ ነው። 43 ዓመቷ ነበር።

ይህን ሳወራ ሚጣ "ያሳዝናል" አለች። ለእኔ ብዙም እንግዳ አልሆነብኝም። የእኛ ሰፈር አባቶችስ? ደብተር ገዝተው፣ ጫማ ገዝተው፣ ትምህርት ቤት ደጅ ድረስ ሸኝተው፣ "እወድሻለሁ" ማለት ግን ሞት የሚሆንባቸው ስንት አሉ።

ሄንሪዬታ እንግዲህ መንደር ናት። የምትታይ ሳይሆን የምታልፉባት። እኛም አለፍናት። ምሳ አሽላንድ ሲቲ ወንዙ ዳር በላን። ረቡዕ ስለሆነ እኔ ከቤት የያዝኩትን ምስር፣ ሚጣ ከነዳጅ ማደያ የገዛችውን የተጠበሰ ዶሮ። ፓት የተማረችበት ቺተም ካውንቲ ሴንትራል እዚህ ከተማ ነው። ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ አንድም ቀን ከትምህርት ቀርታ አታውቅም ይባላል። ሚጣ ይህን ሰምታ ፊቷን አጨማደደች።

ዶሮው የመጣበት የወረቀት ከረጢት ላይ ሜዳ ሥዬ ሌላ ነገር አሳየኋት። በፓት ጊዜ በቴነሲ የሴት ተማሪዎች ጨዋታ አምስት ለአምስት አልነበረም። ስድስት ለስድስት ነው። ሦስቱ አጥቂ፣ ሦስቱ ተከላካይ። የመሐሉን መስመር ማለፍ ክልክል። አጥቂዎቹ በአንዱ ግማሽ፣ ተከላካዮቹ በሌላው ግማሽ ተከልለው ይውላሉ። ለምን? ሴት ልጅ ሜዳውን ሙሉ ከሮጠች አቅሟ አይችልም ተብሎ ነው።

ሚጣ ከረጢቱን ከእጄ ነጠቀችኝ። "ቆይ፣ ተከላካይዋ መቼ ነው የምትወረውረው?"

"አትወረውርም።"

"በጭራሽ?"

"በጭራሽ። ኳሱን ነጥቃ እስከ መስመሩ አድርሳ ለአጥቂ ታቀብላለች። ከዚያ ቆማ ታያለች።"

ዝም አለች። ከዚያ በእንግሊዝኛ እዚህ የማልጽፈውን ቃል ተናገረች። ይህ ሕግ በቴነሲ የቆየው እስከ 1979 ነው። አንዲት ተከላካይ ተማሪ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ ነበር፤ በይግባኝ ተሸነፈች። ፓት ያኔ ወጣት አሰልጣኝ ናት። ሕጉ ካልተቀየረ ከገዛ ክፍለ ሀገሯ ተጫዋች እንደማትመለምል ተናገረች። በግማሽ ሜዳ ያደገች ልጅ ኮሌጅ ስትደርስ እንደገና ከ"ሀ" መጀመር ነበረባታ! ስኮላርሺፕ ደግሞ የሚሰጠው ሙሉ ሜዳ ለምትጫወት ነው። ብዙም ሳይቆይ ሕጉ ተለወጠ። ከ8ቱ ዋንጫ አንዱም ለሚጣ ምንም አላላትም ነበር። ይህ ግን ገባት። መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ አነሳችው።

ሐሙስ፣ ማርቲን

ወደ ምዕራብ ከሁለት ሰዓት በላይ ነዳን። እየሄድን አገሩ ይለጠጣል፤ ኮረብታው ያልቅና የአኩሪ አተር ማሳ ይተካል። ማርቲን ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ፓት በ1970 እዚህ ስትመጣ ወንድሞቿ በስፖርት ስኮላርሺፕ ተምረዋል። ለሴት ግን ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የለም። ወላጆቿ ከፍለው አስተማሯት። ትሪሽ የነበረችው ልጅ ፓት የሆነችውም እዚህ ነው። ሰዎች ፓት ብለው ጠሯት፤ ለማረም አፈረች፤ በዚያው ቀረ። ያቺ በኋላ ዳኛ የሚፈራት ሴትዮ!

ከስፖርት አዳራሹ ውጭ የሦስት ሴቶች ሐውልት አለ። አንዷ ፓት ናት። ሁለቱ አሰልጣኟ ናዲን ጊሪንና የሴቶቹን ስፖርት ያቋቋሙት ቤቲ ጃይልስ ናቸው። ይህን ወደድኩት። ታላቅ ሰው ብቻውን ሲቆም ከሰማይ የወረደ ይመስላል። እዚህ ግን ማን እንዳበቃት አብሮ ቆሟል። እነዚህ ሁለት ሴቶች ገንዘብ በሌለበት፣ ተመልካች በሌለበት፣ የሴት ቡድን ይዘው ከከተማ ከተማ ይዞሩ ነበር። በ1972 የመጀመሪያው የሴት ኮሌጆች ብሔራዊ ውድድር ሲደረግ ማርቲንም ነበረች። በዚያው ዓመት ነው መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ትምህርት ቤት በፆታ እንዳያዳላ የሚያዘው ሕግ የወጣው። የስኮላርሺፑ በር የተከፈተው በዚያ ነው። ለፓት ግን አልደረሰላትም።

የመጨረሻ ዓመቷ ላይ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ያኔ ጉልበት ከሄደ ጨዋታ አለቀ ማለት ነው፤ ሐኪሙም እንዲህ ዓይነት ነገር አለ። አባቷ "ጠግንልኝ፣ ይህቺ ልጅ ኦሎምፒክ ትሄዳለች" ብለው ድርቅ አሉ። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ያኔ ኦሎምፒክ ላይ ገና አልተጀመረም! በ1976 ሞንትሪያል ላይ ሲጀመር ፓት የአሜሪካ ቡድን አምበል ሆና ብር ወሰደች። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ደግሞ አሰልጣኝ ሆና ወርቅ።

ከማርቲን ብዙ የምለው የለኝም። ፀጥ ያለች ናት። ሚጣ የግቢው ሽኮኮዎች ሰው እንደማይፈሩ አስመዝግቢልኝ ብላኛለች።

ዓርብ፣ ኖክስቪል

ናሽቪል አድረን ማልደን ወደ ምሥራቅ ወጣን። 290 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። መሐል ላይ የሰዓት ክልሉ ይቀየራል፤ አንድ ሰዓት በነፃ ትከስራላችሁ። ዛፉ ቢጫና ቀይ ሆኗል። ሚጣ አልፎ አልፎ ከእንቅልፏ እየነቃች ጥያቄ ታነሳለች።

ፓት ይህን መንገድ የመጣችው በ1974፣ በ22 ዓመቷ ነው። የመጣችው ለማስተርስ ነው፤ ጎን ለጎን ረዳት አሰልጣኝ ልትሆን። ዋናዋ አሰልጣኝ ለትምህርት ፈቃድ ወጣችና ቡድኑ በሙሉ እሷ እጅ ወደቀ። አሠልጥና አታውቅም። ከተጫዋቾቿ አንዳንዶቹ በአንድ ዓመት ብቻ ነው የሚያንሷት። ደመወዟ በወር 250 ዶላር። ሚኒባሱን ራሷ ትነዳለች፤ ማሊያውን ራሷ ታጥባለች። ማሊያው ራሱ የተገዛው ዶናት ተሽጦ ነው። ሆቴል የሚከፈልበት ስለሌለ አንድ ጊዜ የተጋጣሚ ጂም ወለል ላይ አድረዋል። የመጀመሪያ ጨዋታዋን በአንድ ነጥብ ተሸነፈች፤ 84 ለ83፣ በመርሰር። ያየው ሰው 50 ቢሆን ነው።

አሁን ወንዙ ዳር ያለውን አዳራሽ አየን። ግዙፍ ነው። በጥር 2006 ኮኔቲከት ሲመጣ ከ24 ሺህ በላይ ሰው ገብቶበታል። የጨዋታው ወለል በስሟ "ዘ ሰሚት" ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ2005፣ 880ኛ ድሏን አግኝታ የሰሜን ካሮላይናውን የወንዶች ቡድን አሰልጣኝ ዲን ስሚዝን ያለፈች ዕለት ነው። ውስጥ አልገባንም። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ትሑት ሰው ነበር፤ ግን አይሆንም ማለት ያውቃል።

ከአዳራሹ ማዶ አደባባይዋ አለ። የነሐስ ሐውልቷ ክንዷን አጣምራ ቆማለች። ፈገግ ብላለች። እውነቱን ለመናገር ፈገግታው ትንሽ አልተዋጠልኝም። ፓትን ያየ ሁሉ የሚያወራው ስለ ዓይኗ ነው። ሰማያዊ ነው፤ ሲያፈጥ ይበሳል። ተጫዋቿ ስታጠፋ ምንም ሳትናገር ታያታለች። በቃ። ሚጣ ሐውልቱ ፊት ቆማ ልታፈጥበት ሞከረች፤ ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት።

አደባባዩ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን ስለ ቁጣዋ ተከራከርን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተጫዋቾቿ ማታ ሲጨፍሩ አምሽተው ጠዋት ልምምድ መጡ። ፓት በጂሙ አራት ማዕዘን አራት የቆሻሻ በርሜል አስቀምጣ ጠበቀቻቸው። ከዚያ አስሮጠቻቸው፤ እስኪያስመልሳቸው። ሚጣ "ዛሬ ብትሆን ትከሰሳለች" አለች። እኔም ልክ አልነበረም ነው የምለው። የተቆጣ ሁሉ ፓት ሰሚት አይሆንም። "እሷም እንዲህ አድርጋ ነው" እያለ ልጅ የሚያሰቃይ አሰልጣኝ ሞልቷል። ሌላውን ግማሽ አያውቀውማ።

ሌላው ግማሽ ይኸውላችሁ። ተጫዋቾቿ ክፍል ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ረድፎች ኋላ መቀመጥ አይችሉም። ክፍል የቀረች ልጅ ጨዋታ ላይ አትሰለፍም፤ ኮከብም ብትሆን። በ38 ዓመት ውስጥ የኮሌጅ ጨዋታ ዘመኗን ቴነሲ የጨረሰች ተጫዋች ሁሉ ዲግሪዋን ይዛ ወጥታለች። ሁሉም! ለእኔ ከ1,098ቱ ድል ይህ ይበልጣል። ያኔ እኮ ሴት ከኮሌጅ ወጥታ በኳስ እንጀራ የምትበላበት ዘላቂ ሊግ አሜሪካ ውስጥ አልነበረም። ደብሊውኤንቢኤ የተጀመረው በ1997 ነው። ኳሱ ሲያልቅ እጃቸው ላይ የሚቀረው ወረቀቱ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች።

እልኳ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በመስከረም 1990 የመውለጃዋ ቀን ደርሶ እያለ ሚሼል ማርሲኒያክን ለመመልመል ፔንሲልቬንያ ድረስ በረረች። ልጅቱ ቤት ቁጭ ብላ ምጥ ጀመራት። አውሮፕላን ላይ ተሳፍረው ሲመለሱ አብራሪዎቹ ቨርጂኒያ እንረፍና ሆስፒታል ትግባ አሉ። ፓት እምቢ! በዚያው ዓመት የቨርጂኒያ ቡድን አሸንፏት፣ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውድድር በገዛ ከተማዋ በኖክስቪል ሲካሄድ ቁጭ ብላ እንድታይ አድርጓታል። ልጄ ቨርጂኒያ ምድር ላይ አይወለድም አለች። ቴነሲ ደረሰች፤ ታይለር ኖክስቪል ተወለደ። ሚጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ልጅቱስ መጣች?" አለችኝ። መጀመሪያ ሌላ ኮሌጅ ገባች፤ ቆይታ ግን ወደ ፓት ዞረች። በ1996ቱ ዋንጫ የውድድሩ ኮከብ እሷ ነበረች። ያ የአባት እቅፍ የተገኘበት ዋንጫ።

ማታ ከወንዙ ወዲያ ማዶ የዩኒቨርሲቲውን ሆስፒታል መብራት አየን። በስሟ የተሰየመ የአልዛይመር ክሊኒክ እዚያ በ2017 ተከፍቷል። በ2011 በሽታው እንዳለባት ሐኪም ነገራት። እሷ ደግሞ በነሐሴ፣ 59 ዓመቷ ሳለ፣ ለአገር ነገረች። እኔ እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። እኛ ዘንድ "ዕድሜ ነው" ብለን ጓዳ እንሸሽጋለን። ጎረቤት እንዳያውቅ፣ ሠርግ ላይ እንዳይታይ። ይህቺ ሴት በሚሊዮን የሚከፈልበት ሥራ ላይ ተቀምጣ ተናገረች፤ አንድ ዓመትም ጨምራ አሠለጠነች፤ ፋውንዴሽን አቋቋመች። ለፋውንዴሽኑ መጀመሪያ ገንዘብ ከሰጡት አንዱ ያ ለዓመታት ዓይንህን አልይ የተባባለችው ጂኖ ነው፤ 10 ሺህ ዶላር። በሚያዝያ 2012 ቦታዋን ለዓመታት ረዳቷ ለነበረችው ለሆሊ ዋርሊክ ለቀቀች። በሰኔ 2016 በ64 ዓመቷ ዐረፈች።

ቅዳሜ፣ ኖክስቪል

የአሜሪካ እግር ኳስ ቀን ነው። ከተማው ከጠዋት ጀምሮ ብርቱካንማ ሆኗል፤ ሰው፣ ውሻ፣ የሕፃን ጋሪ ሳይቀር። ስታዲየሙ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ለመኪና ማቆሚያ የተጠየቅኩትን ዋጋ አልጽፍም፤ እናቴ ታነበዋለች።

የሴቶች ቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ሩቅ አይደለም፤ ደግሞም አትስቱትም። ደጁ ላይ የዓለም ትልቁ ቅርጫት ኳስ ተቀምጧል፤ 9 ሜትር ከፍታ፣ 10 ቶን። አዳራሹ በ1999 ሲከፈት ኖክስቪል የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ፓትም ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች አንዷ ናት።

ውስጥ ልቤን የወሰደው የሬድ ሄድስ መኪና ነው። ረጅም ሊሞዚን። ሬድ ሄድስ ከ1936 ጀምሮ 50 ዓመት በየከተማው እየዞሩ ከወንዶች ጋር፣ በወንዶች ሕግ የሚጫወቱ ሴቶች ናቸው። ፀጉራቸውን ቀይ ይቀባሉ። ገበያ ነዋ! በትርዒት ስም ሙሉ ሜዳ ሮጡ። ሚጣ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ወንበሮቹን ቆጠረች። "ሁሉም እዚህ ውስጥ ይተኙ ነበር?" አለች። ከረጢቱ ላይ የሣልኩላትን ሜዳ እያሰበች እንደነበር ገባኝ፤ ቀጥላ "እነዚህ ይወረውሩ ነበር ማለት ነው" አለች።

ታች ጎብኚ የሚወረውርበት ሜዳ አለ። እኔ ሁለት ሦስቴ ሞክሬ ትከሻዬን ይዤ ተቀመጥኩ። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ መረብ በሌለው ቅርጫት ከአስፋልት ላይ ነበር የምንጫወተው፤ መረብ ያለው ያምታታኛል። (ትከሻ ካልኩ ፓትም በ2008 በረንዳዋ ላይ ራኩን ከሚባል የዱር እንስሳ ጋር ተጣልታ ትከሻዋ ወልቆ ነበር። በዚያው ዓመት 8ኛ ዋንጫዋን ወሰደች።) ሚጣን ግን ማን ያስቁማት። አንዲት በዕድሜ የገፉ ብርቱካንማ ሹራብ የለበሱ ሴት ከኔ አጠገብ ቁጭ ብለው ያዩዋት ነበር። "ክርኗን ታስገባ" አሉኝ። ነገርኳት። አስገባች። ኳሱም ገባ። ሴትዮዋ የፓትን ጨዋታ ለዓመታት ወንበር ይዘው አይተዋል። የሚያስታውሱት ግን ዋንጫ አይደለም። ከጨዋታ በኋላ ፓት ፊርማ የፈለገው ሕዝብ እስኪያልቅ ቆማ ትፈርም እንደነበር ነው የነገሩኝ።

ከፓት ሥር የወጡትን ሚጣ በስልኳ ፈለገቻቸው። ካራ ላውሰን የዱክ አሰልጣኝ። ኬሊ ሃርፐር ራሷ ቴነሲን አሠልጥናለች። ታሚካ ካቺንግስ ከኢንዲያና ጋር የደብሊውኤንቢኤን ዋንጫ አንስታለች፤ ካቺንግስ ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ በደንብ አይሰማም፤ የመስሚያ መሣሪያዋን ደፍራ እንድታደርግ የገፋፋቻት ፓት ናት። ሚጣ ይህን ስታነብ ብዙ አልተናገረችም። ክፍሏ ውስጥ መስሚያ የምታደርግ ልጅ እንዳለች ግን ነገረችኝ።

እሁድ፣ ናሽቪል

ስንመለስ ያቺን የከሰርናትን ሰዓት አገኘናት። እህቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችን። "እሺ፣ ምን አያችሁ?" አለች።

ሚጣ ከስድስት ለስድስቱ ጀመረች። ጠረጴዛው ላይ በእንጀራው ሜዳ ሠርታ መስመሩን በአዋዜ አሰመረች። ከዚያ አውሮፕላኑን፣ ከዚያ የትምባሆውን ጭስ፣ ከዚያ ራኩኑን። ዋንጫዎቹን አላነሳችም። እኔ ነኝ ጣልቃ ገብቼ ስለ ሦስቱ ረድፍ፣ ክፍል የቀረ አይሰለፍም ስለሚለው፣ ስለ ዲግሪዎቹ የጨመርኩት።

እህቴ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። "ይህቺ ሴትዮ ሐበሻ ናት እንዴ?" አለች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ፣ "ለመሆኑ አንቺ የሒሳብ ክፍል ውስጥ የት ነው የምትቀመጪው?"

ሚጣ እናቷን አልመለሰችላትም። እኔ ላይ አፈጠጠችብኝ።